የባዕድ አፍ፣ የእኛ ጆሮ

(በሰመራ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ትንሽ ይብረድና እንጀምር» ብለውኝ ነበር። ሰመራ እስኪበርድ ከጠበቅን ግን ይህ ንግግር ለጥር ይቀጠራልና፣ በላብም ቢሆን ብንጀምር ይሻላል።

በራሴ ጉድለት ልጀምር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሕዝብ ስም በትክክል መጥራት አልችልም። እኔ «አፋር» እላለሁ። ባለቤቶቹ ሲጠሩት ግን የመጀመሪያዋ ድምፅ ከጉሮሮ ተጨምቃ ነው የምትወጣው። በአፋርኛ የላቲን ጽሕፈት ያቺ ድምፅ «ኪው» በሚባለው ፊደል ስለምትጻፍ፣ ገና ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ የመሥሪያ ቤቱን ታፔላ አይቶ «ቃፋር» ሲል ትሰማላችሁ። እሱም ተሳስቷል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ልዩነታችን፣ እሱ ስህተቱን በሳምንቱ ያውቃል፤ እኔ ያወቅሁት በሦስተኛ ዓመቴ ነው።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ፊደሏ በእጄ መኖሯ ነው። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ መጀመሪያ አዋሽ ሰባት፣ ኋላ እዚህ ሰመራ። ተማሪዎቼን ቃል ሳጽፍ «መምህር፣ አልፋው አ ነው ዐይኑ ዐ?» ይሉኛል። እኔም «ዐይኑ» ብዬ እመልሳለሁ፤ በአፌ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐም እንደዚያው። ግዕዝ ለያይቶ ይጠራቸው የነበሩትን ድምፆች አማርኛ ከዘመናት በፊት ከአፉ ጥሎ ፊደላቸውን ይዞ ቀረ፤ የለቀቀውን ቤት ቁልፍ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ሰው። ትግርኛ ተናጋሪው በዚያ ቤት ዛሬም ይኖራል፣ ዐረቡም ይኖራል፣ አፋሩም ይኖራል። ትናንት ትምህርት ቤት የገባ የአፋር ልጅ «ዐይኑ ዐ»ን እንደ ውሃ ይጠራታል። እኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አሳምሬ እጽፋታለሁ፤ ስጠራት ግን አትመጣልኝም።

የዛሬው ጉዳያችን ባዕድ አፍ ይዞ በሰው አገር መኖር ነው። ስለ ፈረንጆች ልናወራ መስሏችሁ ከመጣችሁ አልተሳሳታችሁም፣ ስለ ፈረንጆችም እናወራለን። ሰመራ ላይ ባዕዱ ማን እንደሆነ ግን አሁኑኑ አንወስን።

አዋሽ ሰባትን ታውቋታላችሁ፤ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት በዚያ አለፈና ከተማዋ በጣቢያው ዙሪያ በቀለች። ከጣቢያው ጋር ፈረንሳይኛ መጣ። «የአዋሽ ቡፌ» የተባለው የመንገደኛ ማረፊያ የዚያ ዘመን ትራፊ ነው፤ ግሪኮችም አስተዳድረውታል። ኔስቢት የተባለው ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1928፣ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ በ1933 መጨረሻ ግመሎቻቸውን ጭነው በረሃውን ሊያቋርጡ የተነሡት ከዚችው ጣቢያ ነው። ቴሲጀር አዋሽ ወንዝ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት እስከ አቤ ሐይቅ ተከተለው። ወንዙ የት እንደሚቀር ማንም የአውሳ እረኛ ሊነግረው ይችል ነበር፤ ግን እረኛው መጽሐፍ አልጻፈም። በእኛ ዘመን ደግሞ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ቻይናዎችን፣ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመር ቱርኮችን አመጣልን።

በዚያ የሐዲድ ሥራ ዘመን አንድ መሐንዲስ አውቅ ነበር፤ ከየት አገር እንደመጣ ይቅር። አማርኛን በደብተር እየጻፈ የሚያጠና ትጉ ሰው ነው። አንድ ቀን በእኩለ ቀን፣ አዋሽ ላይ እኩለ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፣ ሻይ የምታፈላ አንዲት እናት ደጃፍ ቆመና «እትዬ፣ ጥላ አለ?» አላት። ሊል የፈለገው ይህን ነው፤ ከአፉ የወጣው ግን «ተላ አለ?» ነው።

«ኧረ ልጄ፣ ጠላ የለም። ሻይና ቡና ነው ያለኝ።»

«ተላ፣ ተላ» አለ በእጁ ራሱን እየከለለ።

«የለም አልኩህ። ደግሞ በዚህ ፀሐይ ጠላ አትጠጣ፣ ያዞርሃል።»

በመጨረሻ ጣቱን ወደ ሰማይ፣ ከዚያ ወደ ግራሯ ሲቀስር ነገሩ ገባት። ሳቋ መናኸሪያው ድረስ ተሰማ። በርጩማ አውጥታ ጥላው ሥር አስቀመጠችው፤ የሻዩንም ሒሳብ አልቀበል አለች። ቸርነቷን አልረሳም። በማግስቱ ግን የባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ «ሚስተር ጠላ!» ይሉት ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን ሲገልጥ አየሁ፤ ያችን ቃል በቀይ ሰርዟታል። ከዚያ ወዲህ ጥላ ሲያሻው በጣቱ ነበር የሚጠቁመው።

ያን ሰው ያሳሳተው ምን ነበር? አንዷ ጥ ናት። እስቲ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና «ታ»፣ ከዚያ «ጣ» በሉ። መልካም፣ አዳራሹ በሙሉ ጣ ጣ አለ። በሁለተኛው ማንቁርታችሁ ብድግ ሲል ተሰማችሁ? ጥ፣ ቅ፣ ጭ፣ ጽ፣ ጵ ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን ነው፤ የሚፈነዳው ከሳንባ የሚመጣው እስትንፋስ አይደለም፣ አፍ ውስጥ የታፈነው አየር ነው። የዓለም ቋንቋዎች አብዛኞቹ ይህን አያደርጉም። ሁለተኛው ጉዳይ ጠ እና ጥ ናቸው። ለእኛ ግዕዝና ሳድስ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ለብዙ የውጭ ሰው ጆሮ ግን መንታ ናቸው። መጥበቅና መላላቱንማ ተዉት፤ ፊደላችን ራሱ አይጽፈውም። ሽፍታ ፍ ሲላላ ወንበዴ ነው፣ ሲጠብቅ የቆዳ ሕመም ነው፤ ደብተር ላይ ግን አንድ ናቸው። በደብተር የሚማር ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሰውነቴ ላይ ወንበዴ ወጣብኝ» ቢል ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው የባዕድ ድምፅ መሳትን የምላስ ስንፍና ያደርገዋል። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት በካናዳ እንግሊዝኛ ብቻ ከሚነገርባቸው ቤቶች የመጡ ሕፃናትን ፈትነዋል። ያሰሟቸው ድምፆች ለእኛ ባዕድ አይደሉም። አንደኛው ጥንድ ከሂንዲ የተወሰደ ነው፤ አንዱ ት ምላስን ጥርስ አስነክቶ፣ ሌላው ምላስን ወደ ኋላ አጥፎ የሚባል። ምላስ አጥፎ የሚባል ድምፅ አፋርኛም አለው። ሁለተኛው ጥንድ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው፤ እንደ ቅ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚባል ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያሉት ሕፃናት ልዩነቱን ይሰሙ ነበር። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር የሆናቸው አብዛኞቹ መስማት አቁመዋል። ልጁ ገና «እማ» ብሎ ሳይጨርስ ጆሮው የራሱን ቤት መርጦ ሌላውን በር ገርበብ አድርጓል ማለት ነው። እኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንላለን፤ አፍ ከመፈታቱ በፊት ግን የሚታሰረው ጆሮ ነው። ስለዚህ አርባ ዓመት የሞላውን መሐንዲስ ምላሱን አትውቀሱት።

የድምፅ ነገር በስምም ይመጣል። ከሰመራ ብዙም በማይርቀው ሐዳር ላይ ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ያገኛትን አሮጊት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ በዚያ ምሽት በድንኳናቸው ከሚሰሙት የቢትልስ ዘፈን ወስደው ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት። ስም ስናወጣላት መሐሏ ላይ ቅ ሰነቀርንባት። ላገኟት ሰዎች ቋንቋ ቅ ባዕድ ናት፤ ስለዚህ በውጭ አገር «ዲንክነሽ» ትባላለች። የተገኘችበት ምድር ቋንቋ አፋርኛም ቅ የለውም። ይህን የምለው ስሙን ለመንቀፍ አይደለም፣ ያማረ ስም ነው። አገሪቱን ሁሉ የምትወክለው ሴት ስም ለገዛ አገሯ ሰዎች አፍ የሚከብድ መሆኑን ግን እንድታዩልኝ ነው።

አሁን ወደ ዕለት ኑሮ እንምጣ። በሰመራና በሎጊያ ለዓመታት የኖሩ የውጭ ሰዎችን «ምን ያደክማችኋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከሙቀቱ ቀጥሎ የምትሰሙት መልስ ያስገርማችኋል። መታረም አያስከፋቸውም። የሚያደክማቸው ምስጋናው ነው። አንዱ «ሰላም» ይላል፤ «ጎበዝ!» ይባላል። አምስት ዓመት ቆይቶ «ሰላም» ይላል፤ አሁንም «ጎበዝ!» ይባላል። አንዲት ነርስ የነገረችኝን አልረሳውም፦ «አንዱን ታካሚ ስለ ወባ መድኃኒት አወሳሰድ አሥር ደቂቃ በአማርኛ አስረዳሁት። ስጨርስ ‹አማርኛሽ እንዴት ያምራል!› አለኝ። አፌን ሲያይ ነበር እንጂ አልሰማኝም።» መድኃኒቱን እንዴት ወስዶ ይሆን?

ከምስጋናው ቀጥሎ የእንግሊዝኛው ነገር ይመጣል። በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ በእንግሊዝኛ ይመለስላቸዋል፤ ያውም ጮክ ተብሎ፣ ደንቆሮ ይመስል። ባለሱቁ ጥሩ አስተናጋጅ የሆነ ይመስለዋል፤ የጠየቀችው የውጭ ሴት ግን ቋንቋው በፊቷ ሲዘጋባት ይሰማታል። ስልክ ደግሞ የባሰ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን ቆዳዋ ቀድሞ ይናገርላታል፣ ሰው ጆሮውን ያዘጋጃል፤ በስልክ ግን አፏ ብቻዋን ናት። አንዳንዱ «ኔትወርኩ ተበላሽቷል» ብሎ ይዘጋዋል።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ መልካም ነገርም አለ። የውጭ ሰው ሽማግሌን «አንተ» ቢል፣ ወንዱን «አንቺ» ቢል፣ ማንም አይቀየምም። «አፉ ነው» ይባልና ይታለፋል። እኛ በአንቱታ የምንጣላ ሰዎች ይህን ያህል መቻላችን ቀላል አይደለም።

ይህ ይቅርታ ግን ለሁሉም አይደርስም። ዛሬ እዚህ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ መስኮት ፊት ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ አንድ አፋር አባት አሉ፤ ሽርጣቸውን የታጠቁ፣ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው የያዙ። «ከተሮ አለኝ» አሉ። ቀጠሮ ማለታቸው ነው። ቋንቋቸው ቅም ጥም የለውምና ቅዋ ክ፣ ጥዋ ት ሆነችባቸው፤ ልክ እንደ መሐንዲሱ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ልጅ «ምን? ከተማ?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። «ከተሮ» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው። «አባት፣ አስተርጓሚ ይዘው ይምጡ» አላቸው። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፎበታል። ጠቅልለውት ወጡ። እኔስ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ፤ ተራዬ ደርሶ ነበርና ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

በሌላ ቀን እዚያው መስኮት ላይ አንዲት የውጭ አገር ሴት «ከተሮ አለኝ» ስትል ሰማሁ። ያችው ቃል ናት፤ ያችው ክ፣ ያችው ት። «ውይ! አማርኛ ትችያለሽ! ጎበዝ!» ተባለች። ወንበርም ቀረበላት።

ፈረንጅ አማርኛ ሲሞክር ስጦታ ያመጣልን ይመስለናል። አፋር አማርኛ ሲናገር ግን ዕዳውን የከፈለ፣ ያውም አጉድሎ የከፈለ ይመስለናል። እኚያ ሽማግሌ በገዛ አገራቸው ዋና ከተማ ነበሩ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋርኛ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋርኛን ለፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋነት ከታጩት አንዱ አድርጎታል። ታዲያ በዚያ መስኮት ላይ ባዕድ አፍ የያዘው ማን ነበር? አስተርጓሚ ማምጣት የነበረበትስ?

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሺሪ ሌቭ-አሪና ቦአዝ ኬሳር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለአድማጮች ተራ የጠቅላላ ዕውቀት ዓረፍተ ነገሮችን አሰሟቸው፤ ቀጭኔንና ግመልን በውሃ ጉዳይ የሚያወዳድር ዓይነት። አንዱን ዓረፍተ ነገር ተወላጅ ይለዋል፣ አንዱን ባዕድ ቅላጼ ያለው ሰው። ባዕዱ ያለውን አድማጮቹ ይበልጥ ተጠራጠሩት፤ የሌላ ሰው ቃል እያደረሰ ብቻ እንደሆነ ተነግሯቸው እንኳ። ምክንያቱ ጥላቻ ብቻ አልነበረም። ጆሮ ሲለፋ ልብ ይጠረጥራል፤ ለመስማት የከበደንን ነገር ለማመንም ይከብደናል። ተመራማሪዎቹ አድማጮቹን «ተጠንቀቁ፣ ቅላጼው እንዳያሳስታችሁ» ሲሏቸው፣ ቅላጼው ቀለል ያለ ተናጋሪ እምነቱን መልሶ አገኘ፤ ቅላጼው የበረታው ግን አላገኘም። ዋሽንግተን ያለ ዘመዳችሁን ጠይቁት፤ በሁለት ዲግሪው ስልክ ላይ «ምን አልክ?» ሲባል የሚሰማውን ይነግራችኋል። ግመል ስንት ቀን ያለ ውሃ እንደሚሄድ ከአፋር የበለጠ ማን ይናገር? ቺካጎ ላይ ቢናገር ግን ይጠረጠር ነበር።

ካናዳ ውስጥ ማንሮና ዴርዊንግ የተባሉ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ጠቃሚ ነገር አሳዩ። አድማጮች የሰሙትን ቃል በቃል እንዲጽፉ ተደረገ። «ቅላጼው እጅግ ከባድ ነው» ያሉትን ሰው ንግግር ራሱ ብዙ ጊዜ አንድም ሳያጎድሉ ጻፉት። ስለዚህ «አልገባኝም» ስንል እውነቱን ነው የምንናገረው? ያ የመስኮቱ ልጅ «ከተሮ»ን እንዲጽፍ ቢታዘዝ «ቀጠሮ» ብሎ ነበር የሚጽፈው።

በአፍ ሰውን መለየት የቆየ ነገር ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው መንገደኛውን «ሺቦሌት» በል ይሉት ነበር። ኤፍሬማውያን ሺ አይሆንላቸውምና «ሲቦሌት» ይላሉ፤ አርባ ሁለት ሺህ ሰው እንደወደቀ ተጽፏል። ወንዝ መሻገሪያ ላይ ቃል እያስጠሩ ሰው መለየት የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለ ለማንም አልነግርም።

የዚያችው የሽና የስ ነገር ሌላ መልክ ያለው ወሬም አላት። ቢላል፣ ሐበሻው ቢላል፣ የመጀመሪያው ሙአዚን፣ አዛን ሲል ሽን ስ ያደርግ ነበር፣ ፈጣሪ ዘንድ ግን የእሱ ስ ሽ ናት እየተባለ በሕዝብ ይወራል። የሐዲስ ሊቃውንት ወሬው መሠረት የለውም ይላሉ፤ ቢላል በድምፁ ማማርና በአንደበቱ ጥራት የተመረጠ ነበርና። ሊቃውንቱ ልክ ናቸው። ሕዝቡ ግን ወሬውን ስለወደደው አልተወውም። አንዱ መሻገሪያ ላይ ስ ያለውን ገደለው፤ ሌላው ስ የሚለውን ሚናሬት ላይ አወጣው። አፋርኛም ሽ የለውም።

እኛስ የሰው ቋንቋ ስንሰባብር ማን ሳቀብን? ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ባለው መንገድ የትኛውም ጋራዥ ግቡ። «ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፍሪሲዮኑ ተበልቷል፣ ቼርኬው ተጣሟል» ይባላል። ይህ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኑ «ካቻቪቴ» ነው የሚለው፤ ያቺ ቪ ስላልተመቸችን ቢ አደረግናት። «ላ ጋር» የሚለውን ፈረንሳይኛ ለገሃር ብለን ሰፈር ሰየምንበት። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሁሉ የሚጠገነው በሰባራ ጣሊያንኛ ነው፤ መኪናውም ይነሣል፣ ብሎኑም ይፈታል።

ቁጭ ብለው የተማሩም አሉ። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግ፣ አፋሮች «ማሊካ» የሚሏት፣ አፋር አግብታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከዚህ ሕዝብ ጋር ኖራለች፤ ከባለቤቷ ጋር ያቆሙት የአፋር አርብቶ አደሮች ልማት ማኅበር ከሎጊያ ተነሥቶ በየመንደሩ በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተምራል። ኢኒድ ፓርከርና ሪቻርድ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1985 የአፋርኛ መዝገበ ቃላት አሳትመዋል። ዛሬ በየታፔላው የምታዩትን የአፋርኛ የላቲን አጻጻፍ ደግሞ ዲሚስና ሬዶ የተባሉ ሁለት አፋሮች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያደራጁት። እኛ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለን ጎረቤቶችስ? በየመሥሪያ ቤቱ አሥር ዓመት ኖሮ «ሌ» ማለት ውሃ መሆኑን የማያውቅ ደገኛ ስንት አለ? ውሃ ነው እኮ፤ በዚህ በረሃ!

የመስማትን ነገር በተመለከተ መምህሮቻችን እዚሁ አሉ። ዳጉ የአፋር ዜና ነው ይባላል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ዳጉ የማውራት ጥበብ መስሎኝ ነበር። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ቆሜ አይቼ ነው መሳሳቴን ያወቅሁት። እጅ ለእጅ ይሳሳማሉ፣ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጥም። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የገበያው፣ የታመመው፣ የሞተው ይነገራል። አድማጩ ይጠይቃል፦ አንተ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማን? ምክንያቱም የሰማውን ለሚቀጥለው መንገደኛ ሳያዛንፍ ማድረስ አለበት፤ ያዛነፈ ሰው ስሙ ይጎድፋል። በዳጉ ትልቁ ሥራ የሚወድቀው በሰሚው ላይ ነው። የተናጋሪው አፍ ቢያስቸግር ሰሚው ይጠይቃል፣ ያስደግማል እንጂ «አስተርጓሚ ይዘህ ና» አይልም፤ በረሃ ላይ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል?

እኔም የደረሰኝ ይኸው ጆሮ ነው። ሎጊያ ላይ የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ወተት በአፋርኛ «ሐን» ነው፤ ያችው ሐመሩ ሐ። እኔ «ሃን» አልኳት። አልሳቀችም፤ ጎበዝም አላለችኝም፤ በአማርኛም አልመለሰችልኝም፣ አማርኛ እንደምትችል ግን በኋላ ሰምቻለሁ። ዓይን ዓይኔን እያየች «ሐን» አለች። «ሃን» አልኩ። «ሐን» አለች። ሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ፤ ጠርሙሴን ተቀብላ ሞላችልኝ። ያችን ቃል ዛሬ ከአሥር አምስቱን ጊዜ አገኛታለሁ። «ዐፋር» የሚለውን ግን ገና ነኝ።

በመስኮት ጀርባ የምትቀመጡ፣ በባንክ፣ በጤና ጣቢያ፣ በመናኸሪያ፣ በፍርድ ቤት የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ ጠዋት «ከተሮ አለኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ቆዳው ነጭ ቢሆን አታሞግሱት፤ ሽርጥ የታጠቀ ቢሆን አትመልሱት። ለሁለቱም «የስንት ሰዓት?» በሏቸው።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ጥያቄ እቀበላለሁ። በአፋርኛ የምትጠይቁኝ ግን እባካችሁ ቀስ በሉልኝ፤ ጆሮዬ ገና ተማሪ ነው።